የተገለበጠው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ታሪክ

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ጥያቄውም «እንዲህ ያለ ጎርፍ ከቶ አይቼ አላውቅም» የሚለውን «ኔቨር» በሚለው ቃል ጀምራችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ የሚል ነበር። ከክፍላችን የምንበዛው «ኔቨር አይ ሃቭ ሲን» ብለን ጻፍንና ቀይ መስመር ተሰመረብን። ትክክለኛው «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» ኖሯል። አንድ ባልንጀራችን ግን ከሁላችንም ተለይቶ «ኔቨር ሶው አይ» ብሎ ስለ ጻፈ፣ መልሱ ጮክ ተብሎ በተነበበ ጊዜ ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። እርሱም ሣቁን ቻለው፤ ነጥቡን ግን ሊችለው አልቻለም። በዚያች አንዲት ነጥብ ጉድለት ከሁለተኛነት ወደ ሦስተኛነት ወርዶ ነበርና።

መምህራችን ስሕተታችንን ሲያርሙ «ይህ ዐረፍተ ነገር ነገሩን ለማጽናት ሲባል የተገለበጠ ነው» አሉን። ባልንጀራችን እጁን አነሣና «መምህር፣ ማን ገለበጠው?» ብሎ ጠየቀ። ዳግመኛ ሳቅን። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ይህ የሰዋስው ጥያቄ አይደለም፤ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሂዱና ከመጻሕፍት ቤት ፈልጋችሁ ንገሩኝ» አሉ። እኛም ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜ፣ ስንፈልግ ያገኘነውን ለማቅረብ ተስማማን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ለባልንጀራችን ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ማንም አልገለበጠውም» የሚል ነው። ዛሬ የተገለበጠ የምንለው አኳኋን በጥንቱ እንግሊዝኛ የተለመደ አነጋገር ነበር። የተገለበጠው ሌላው የቋንቋው ክፍል ነው።

የእንግሊዝኛ አባቶች የሆኑት አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች በአምስተኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ቋንቋ ለጀርመንኛ የቅርብ ዘመድ ነበር። በዚህ ቋንቋ ዐረፍተ ነገርን እንደ አንድ ረድፍ ወንበር ብንመስለው፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ ባለቤቱም ቢሆን፣ ጊዜም ቢሆን፣ ቦታም ቢሆን ሊቀመጥበት ይችላል፤ ሁለተኛው ወንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ የግሥ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ሌላ የሆነ ቃል ፊተኛውን ወንበር ከያዘ፣ ባለቤቱ ከግሡ በኋላ ወደ ሦስተኛው ወንበር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጀርመንኛና ሆላንድኛ ይህን ሥርዓት እስከ ዛሬ አጥብቀው ይዘውታል። የጥንቱ እንግሊዝኛ እንደ ዛሬው ጀርመንኛ ጥብቅ አልነበረም፤ «እኔ» «እርሱ» የመሳሰሉት ተውላጠ ስሞች ብዙ ጊዜ እያመለጡ ከግሡ ፊት ይቀመጡ ነበር። ነገር ግን «ያን ጊዜ» የሚለው ቃል ሲቀድም፣ ወይም ዐረፍተ ነገሩ በአሉታ ቃል ሲጀምር፣ ወይም ጥያቄ ሲሆን፣ ተውላጠ ስሙም ሳይቀር ከግሡ ኋላ ይሰለፋል።

ከ871 እስከ 899 የነገሠው ንጉሥ አልፍሬድ፣ በዴንማርክ ሰዎች ወረራ ምክንያት በአገሩ ትምህርት እንደ ጠፋ ባየ ጊዜ፣ መጻሕፍትን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጐመ፤ ራሱም ተረጐመ። የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል የተባለው መጽሐፍ መጻፍ የጀመረውም በእርሱ ዘመን ነው። የዚያን ዘመን የታሪክ ጽሑፍ አካሄድ በአማርኛ ቃል ለቃል ብናስቀምጠው «ያን ጊዜ ሄደ ንጉሡ፤ ያን ጊዜ ተከተለው ሠራዊቱ» የሚል ዓይነት ይሆናል። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ምንም ነገር ማጽናቱ አልነበረም፤ እንዲያው ታሪኩን መተረኩ ነበር። ከእኛ መካከል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፉት ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ ግእዝም «ወእምዝ መጽአ ንጉሥ» ይላልና። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ የተገናኙት በአካሄድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቃላቱ እንዲህ ቦታ የሚለዋወጡ ከሆነ አድራጊውና ተደራጊው በምን ይለያሉ? መልሱን ከራሳችን ቋንቋ ማግኘት ይቻላል። እኛ «ንጉሡ አንበሳውን ገደለ» ብንልም፣ «አንበሳውን ንጉሡ ገደለ» ብንልም ትርጕሙ አይናወጥም። በአንበሳው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው «ን» ትጠብቀዋለች። የጥንቱም እንግሊዝኛ እንደዚሁ ጠባቂ ነበረው። በስሙ ጫፍ ላይ የምትጨመር ፊደል ነበረች፤ ደግሞም ዛሬ በሁሉ ቦታ «ዘ» ብቻ የሚባለው ከስም በፊት የሚመጣው ቃል፣ ባለቤት ሲሆን፣ ተሳቢ ሲሆን፣ ወንድ ሲሆን፣ ሴት ሲሆን፣ ብዙም ሲሆን መልኩን ይለዋውጥ ነበር። ዛሬ ግን «ዘ ኪንግ ኪልድ ዘ ላየን» የሚለውን ሁለቱን ስሞች ብቻ አለዋውጠን ብናስቀምጥ ንጉሡ ይሞትና አንበሳው ይተርፋል። እንግሊዞች ጠባቂያቸውን አጥተዋል።

ያጡትም በአንድ ቀን አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በአገሪቱ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት የዴንማርክ ሰዎች ቋንቋቸው ለእንግሊዝኛ ዘመድ ነበረ፤ የቃሉ ሥር ይመሳሰላል፣ የቃሉ ጫፍ ግን ይለያያል። ሁለቱ ሕዝቦች በገበያና በጋብቻ ሲገናኙ የሚያግባባው ሥሩ እንጂ ጫፉ ስላልሆነ፣ ጫፉ ቶሎ እንዲረግፍ ይህ እንደ ረዳ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቀጥሎም በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ያዙ። የቤተ መንግሥቱና የዳኝነቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ የገበሬና የሎሌ ቋንቋ ተባለ። ዜና መዋዕሉን በፒተርባራ ገዳም ይጽፉ የነበሩት መነኮሳት የመጨረሻውን ታሪክ የጻፉት ስለ 1154 ነው፤ በዚያ ጽሑፍም ውስጥ የቃላቱ ጫፍ እየረገፈ መሄዱ በግልጽ ይታያል። ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲደረግ ሕግ የወጣው ገና በ1362 ነው። ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑን ባነበብን ጊዜ በመጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ጮክ ብለን በመሳቃችን ተገሥጸናል።

እንግዲህ የቃሉ ጫፍ በረገፈበት አገር አድራጊውን ከተደራጊው የሚለየው ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ፤ የተገኘውም ቦታ ነው። ባለቤቱ ከግሡ በፊት፣ ተሳቢው ከግሡ በኋላ እየተቀመጠ ሄደ። የአሥራ አራተኛውና የአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ይህን ትግል ያሳያሉ። በ1400 የሞተው ባለቅኔው ቾሰር ሁለቱንም አካሄድ እንደ ልቡ ይጠቀም ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ግን የጥንቱ የወንበር ሥርዓት እየላላ ሄደ።

የባልንጀራችን ጉዳይ የተቈረጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት «ዱ» የተባለችው ረዳት ግሥ ወደ ጥያቄና ወደ አሉታ እየገባች መጣች። ከዚያ በፊት እንግሊዛዊው «መጣን?» ለማለት «ኬም ሂ?» ይል ነበር፤ «አላውቅም» ለማለትም «አይ ኖው ኖት» ይል ነበር። በኋላ «ዲድ ሂ ከም?» እና «አይ ዱ ኖት ኖው» ማለት ተለመደ። ስዊድናዊው ሊቅ አልቫር ኤሌጎርድ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ከብዙ የጥንት ጽሑፎች ዐረፍተ ነገሮችን እየለቀመ የ«ዱ»ን አካሄድ ደረጃ በደረጃ ቈጥሮ አሳይቷል። ጥቂት ግሦች፣ ከእነርሱም «ማወቅ» አንዱ ነው፣ ለ«ዱ» ቶሎ እሺ አላሉም። በ1616 የሞተው ሼክስፒር አዲሱንም አሮጌውንም ይጠቀም ነበር።

«ዱ» በመምጣቷ ታላቁ ግሥ ከባለቤቱ ፊት የመውጣት መብቱን አጣ ማለት ይቻላል። ከእንግዲህ ወዲያ ባለቤቱን አልፋ ወደ ሁለተኛው ወንበር የምትወጣው ረዳት ግሥ ብቻ ሆነች፤ «ሃቭ» ወይም «ካን» ካለች እርስዋ ትወጣለች፤ አንዲትም ከሌለች «ዱ» ተጠርታ ትመጣለች። ታላቁ ግሥ ከባለቤቱ በኋላ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» ወይም «ኔቨር ዲድ አይ ሲ» ይባላል እንጂ «ኔቨር ሶው አይ» አይባልም። ባልንጀራችን ግን «አየሁ» የሚለውን ታላቁን ግሥ ራሱን ከ«እኔ» በፊት አወጣው። በቾሰር ዘመን ቢፈተን ኖሮ ነጥቡን የሚነሣው አልነበረም። ስሕተቱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ መወለዱ ነው።

ከጥንቱ ሥርዓት የተረፈው ምንድር ነው? ጥያቄ ተርፏል። አሉታና አሉታን የሚመስሉ ቃላት ሲቀድሙ የሚሆነው ተርፏል፤ «ኔቨር» «ሴልደም» (ከስንት አንዴ) «ሃርድሊ» (በጭንቅ) እና «ኦንሊ ዘን» (ያን ጊዜ ብቻ) የመሳሰሉት ናቸው። «ባውቅ ኖሮ» ለማለት «ኢፍ» የምትለዋን ቃል ትቶ «ሃድ አይ ኖውን» ማለትም የጥንት ቅሬታ ነው። ደግሞም የመሄድና የመምጣት ነገር ሲሆን ቦታ ቀድሞ ታላቁ ግሥ ራሱ ከባለቤቱ ፊት ሊወጣ ይችላል፤ «ዳውን ኬም ዘ ሬን» (ወረደ ዝናቡ) እንደሚባለው። ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን አይገለበጥም፤ «ዳውን ኢት ኬም» ይባላል እንጂ «ዳውን ኬም ኢት» አይባልም። ተውላጠ ስም ከግሥ ኋላ መሰለፍን ያኔም ብዙ ጊዜ እንዳልወደደው ከላይ ተናግረናል።

የማጽናቱም ምሥጢር ከዚህ የሚወጣ ይመስለናል። አንድ አነጋገር ለሁሉ ቀን ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። ሌላው ሁሉ ተለውጦ እርሱ ብቻ በጥቂት ቦታ ሲቀር ግን፣ በሰሚው ጆሮ እንግዳ ሆኖ ይደውላል። አያቶቻችን በየቀኑ ይለብሱት የነበረው ልብስ ዛሬ በበዓል ቀን ብቻ ሲወጣ የሰውን ዓይን እንደሚስብ ያለ ነው።

አንድ ነገር ልንጨምር እንወዳለን፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ስለማይናገረው ነው። መጽሐፉ የሚጸናው የቀደመው ቃል ነው ይላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ኢንቱ ዘ ሩም ኬም ዘ ዳይሬክተር» የሚለውን እንመልከት፤ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ማን? ዳይሬክተሩ! ተማሪው ከመቀመጫው ብድግ የሚለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው እንጂ «ወደ ክፍሉ» በሚለው ላይ አይደለም። እንግሊዝኛ አዲሱን ወሬ ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማቈየት ይወዳል፤ ባለቤቱን ወደ ኋላ የሚሰደው ለዚህ ጊዜ ነው። በ«ኔቨር» ጊዜ ደግሞ ኃይሉ የሚያርፈው በፊተኛው ቃል ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩም ሥራቸው ሁለት ነው።

አሮጌው አካሄድ የክብር ልብስ እንዲሆን መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ረድቷል። ዊልያም ቲንዴል ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1526 በጀርመን አገር በዎርምስ ከተማ አሳተመ፤ በ1536ም በመናፍቅነት ተከሶ ተገደለ። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ከቲንዴል ቃል እጅግ ብዙውን ወስዷል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ በተራራው ላይ ሲያስተምር፣ «ብፁዓን» የሚለው ቃል በግሪኩም፣ በግእዙም፣ በዚህ በእንግሊዝኛውም ከፊት ይቆማል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ወደ መጨረሻው ይመጣል። አማርኛችን ማሰሪያውን ከኋላ ስለሚወድ ነው። እንግሊዞች ይህን አካሄድ በየእሑዱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለ ሰሙት ግልባጩን ከክብር ጋራ ማያያዛቸው አያስደንቅም።

ጆን ሚልተን በ1667 ባወጣው «የጠፋው ገነት» በተባለው ግጥሙ ከዚህም አልፎ ሄደ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዋናው ግሥ የሚገኘው በስድስተኛው መስመር ላይ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እስከ መጨረሻው ግሥ መጠበቅ ልማዳችን ስለሆነ ብዙ አልተቸገርንም። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ግን ሚልተን የእንግሊዝኛን ቃል በባዕድ አካሄድ ጻፈ ብለው ነቅፈውታል።

ከዚያ በኋላ የሰዋስው መምህራን መጡ። ሊንድሊ መሪ የተባለው አሜሪካዊ ጠበቃ በእንግሊዝ አገር በዮርክ አጠገብ ተቀምጦ ለአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ብሎ በ1795 ያሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው በእንግሊዝም በአሜሪካም ለብዙ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚማርበት መጽሐፍ ሆነ። መሪ ባለቤት ከግሥ በፊት ይቀመጣል ብሎ ሕጉን ካስቀመጠ በኋላ፣ ይህ የማይሆንባቸውን ጊዜያት አንድ ሁለት እያለ ይቈጥራል፤ ጥያቄ ሲሆን፣ «ኢፍ» ስትቀር፣ «እዚህ» «ያን ጊዜ» የመሳሰሉት ሲቀድሙ፣ እያለ ይቀጥላል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ተገረምን። በአልፍሬድ ዘመን ሕግ የነበረው ነገር ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ ከሕግ ውጭ የሆኑ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷልና። «ተገለበጠ» የሚለው ሐሳብ በተማሪ ጭንቅላት የጸናው እንደዚህ ካሉ መጻሕፍት ነው ብለን እናምናለን።

በቅርቡ ዘመን ግልበጣው አንድ ጊዜ መሣቂያ ሆኖ ነበር። በ1923 በአሜሪካ «ታይም» የተባለውን መጽሔት ከሄንሪ ሉስ ጋራ የመሠረተው ብሪተን ሃደን የሆሜርን አካሄድ ይወድ ስለ ነበር፣ የመጽሔቱ ጸሐፊዎች ግሡን እያስቀደሙ ባለቤቱን እያስከተሉ ተራውን የፖለቲካ ወሬ ሁሉ እንደ ጦርነት ቅኔ ይጽፉት ጀመር። በ1936 ዎልኮት ጊብስ የተባለ ጸሐፊ «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሉስ ሲጽፍ ያንኑ አጻጻፍ መስሎ አፌዘበት፤ ከዚያ ወዲህ ያ አጻጻፍ ሲጠቀስ ፌዙም አብሮ ይነሣል። የበዓሉን ልብስ በየቀኑ የለበሰ ሰው የሚደርስበት ይህ ነው።

ለትክክለኛው ቀን ሲወጣ ግን ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ ዊንስተን ቸርችል ነሐሴ 20 ቀን 1940 በፓርላማ ያደረጉት ንግግር ያሳያል። ስለ አየር ኃይሉ ተዋጊዎች የተናገሩት የታወቀው ዐረፍተ ነገር በ«ኔቨር» ይጀምርና ግሡን ከባለቤቱ ያስቀድማል። ቃላቱን ወደ ተለመደው ተራ መልሰን ጽፈን አየነው፤ ትርጕሙ አንድ ነው፣ ነገር ግን የጋዜጣ ወሬ ይመስላል። ጆን ኬኔዲም ጥር 20 ቀን 1961 ሹመታቸውን ሲቀበሉ ለአገራቸው ሰዎች ስለ ግዴታቸው በተናገሩት ዐረፍተ ነገር አሉታውን ያለ «ዱ»፣ እንደ ሼክስፒር ዘመን አድርገው ነው የተናገሩት።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። እኛ «ኔቨር አይ ሃቭ ሲን» ያልነው ስለ ምን ነው? አማርኛ አንድን ቃል ሊያጸና ሲፈልግ «ነው»ን ያመጣል፤ «ድልድዩን ያፈረሰው ጎርፉ ነው» ይላል። ወይም «ከቶ» የምትለዋን ቃል ይጨምርና ግሡን ከነአሉታው በመጨረሻ ይተወዋል። የ«ከቶ» ቦታ ቢለወጥ ግሡን አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ እኛ «ኔቨር»ን አንሥተን ከፊት ስናስቀምጥ ሥራችንን የጨረስን መሰለን። የሁለተኛውን ወንበር ታሪክ አላወቅንም።

ባልንጀራችን ግን በመጻሕፍት ቤት በቈየንባቸው ቀናት ከእኛ ይልቅ ተግቶ ኖሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ግጥም መጽሐፍ ገልጦ እየሮጠ መጣ። ዊልያም ዎርድስወርዝ በዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ሆኖ ለንደንን በማለዳ እያየ ስለ ጻፈው፣ በርእሱም መስከረም 3 ቀን 1802 የሚል ቀን ስላለበት ግጥም ነው የሚናገረው። በዚያ ግጥም ውስጥ ባለቅኔው ከ«ከቶ» ቀጥሎ «አየሁ» የሚለውን ግሥ ያለ ረዳት ግሥ ከ«እኔ» አስቀድሞ አሰልፎታል፤ ልክ ባልንጀራችን በፈተናው እንዳደረገው። በማግሥቱ መጽሐፉን ታቅፎ ወደ መምህራችን ሄደ፤ እኛም ውጤቱን ለማየት ከበር ቆምን።

መምህራችን መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም መጽሐፉን ዘግተው «ልጄ፣ ዎርድስወርዝ ቅኔ መጻፉ ነበር፤ አንተ ግን ፈተና ላይ ነበርህ» አሉት። ነጥቡ አልተመለሰለትም። ነገር ግን የፈተና ወረቀቱን ተቀብለው ከቀዩ መስመር አጠገብ በእርሳስ «1802» ብለው ጻፉበትና መለሱለት።

በዘንድሮው ፈተና «ሴልደም» በሚለው ቃል ጀምሩ የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። ባልንጀራችን «ሴልደም ዱ አይ» ብሎ እንደ ጀመረ ነግሮናል። ወረቀታችን ገና አልተመለሰልንም።